ስኳር ያለባት ሴት ትወልዳለች፤ ቀጠሮዋ ግን ከእርግዝናው ይቅደም

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ሁለተኛው ዓይነት ነው ተብያለሁ። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ‹ለኩላሊትሽ› ተብሎ ኢናላፕሪል፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አቶርቫስታቲን ታዞልኛል። የመጨረሻው የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ (HbA1c የሚባለው) 9.1 በመቶ ነበር። ካገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አምና የሁለት ወር ጽንስ ወረደብኝ። የባለቤቴ እናት ‹ስኳር ያለባት ሴት ልጅ አይጸናላትም› ይላሉ። እኔ ግን ልጅ እፈልጋለሁ። ካረገዝኩ መድኃኒቱን ላቁም? ኢንሱሊን ልጁን አይጎዳውም? ልጁስ ስኳር ይዞት ይወለዳል? ጾሙንስ እንዴት ላድርግ? ሌላ የማፍርበት ነገርም አለ። በየወሩ ማለት ይቻላል ብልቴን ያሳክከኛል። ከስኳሩ ጋር ይገናኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ አምናው ጽንስ አዝኛለሁ። «ገና የሁለት ወር ነበር፣ ምን አለው» ያለሽ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ለእናት ግን ሁለት ወር ረጅም ነው። ስም ይታሰብበታል።

አጭሩን መልስ ቶሎ ልስጥሽ። ስኳር ያለባት ሴት ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ለክትትል ሲመጡ ልጆቻቸውን በስልክ የሚያሳዩኝ ብዙ እናቶች አሉ። ነገር ግን አሁን፣ ስኳርሽ 9.1 ላይ ሆኖ፣ እነዚህን መድኃኒቶች እየወሰድሽ እንድታረግዢ አልፈልግም። ጥቂት ወራት ታገሺ። እነዚያ ወራት ለልጅሽ ከዘጠኙ ወር የሚያንሱ አይደሉም።

ለምን? አንዲት ሴት የወር አበባዋ ሲቀር ትጠራጠራለች። ሳምንት ትጠብቅና ከፋርማሲ መመርመሪያ ትገዛለች። ሁለት መስመር አየች እንበል። በእኛ ልማድ ከዚያም በኋላ ቶሎ አይወራም። እስኪጸና ይጠበቃል፣ ዓይን ይፈራል። ክትትል የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ሆድ ገፋ ሲል፣ በሦስትና በአራት ወር ነው።

ጽንሱ ግን አይጠብቅም። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከተጸነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። የወር አበባሽ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንቱ ማለት ነው። ልብም መምታት የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ዋና ዋናዎቹ አካላት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ቅርጽ ይይዛሉ። በአራተኛው ወር ካርድ ስታወጪ፣ ስኳር ሊያበላሸው የሚችለው ዋና ነገር አልፏል። ለዚህ ነው «ከማርገዝሽ በፊት ነይ» እያልን የምንለምነው።

ስኳር በሌለባቸው እናቶችም ከ100 ሕፃናት 2 ወይም 3ቱ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ይዘው ይወለዳሉ። የማንም ጥፋት አይደለም። ስኳር ያለባት ሴት በምትጸንስበት ሰሞን ስኳሯ ተስተካክሎ ከነበረ ወደዚሁ ቁጥር ትጠጋለች። ከፍ እያለ ሲሄድ ግን የልብና የሕብለ ሰረሰር ችግር፣ ውርጃም አብሮ ይጨምራል። የሦስት ወሩ ስኳር ከ10 በላይ ከሆነ «ለጊዜው ከነጭራሹ አታርግዢ» ነው የምንለው። የምንፈልገው ከ6.5 በታች ነው፣ ቶሎ ቶሎ ስኳር የማይወርድብሽ ከሆነ። እዚያ ባትደርሺ እንኳ እያንዳንዱ ቅናሽ ዋጋ አለው። ከ9 ወደ 7.5 የወረደች ሴት ብዙ መንገድ ሄዳለች።

የአምናው ውርጃሽ በስኳሩ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም። ስኳር የሌለባቸውም ብዙ ሴቶች ያስወርዳቸዋል። ስኳሩ አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል፣ ላያደርግም ይችላል። አንቺ ጥፋተኛ እንዳልሆንሽ ግን እርግጠኛ ነኝ። ይህን ነገር ማንም ቀድሞ አልነገረሽም።

ስኳሩ እስኪስተካከል መከላከያ ውሰጂ። ሉፕም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ኢምፕላንት ስኳር ላለባት ሴት ይስማማሉ። ሲወጡም ማርገዝ ብዙ አይቆይም። የሦስት ወሩን መርፌ ለአንቺ አልመርጥልሽም፤ ከቆመ በኋላ እርግዝናው ሊዘገይ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ደግሞ ኩላሊትሽ፣ ዓይንሽና ደም ግፊትሽ ሳይታይ እንዳትጀምሪ።

አሁን ወደ መድኃኒቶችሽ። እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ አንብቢኝ።

ኢናላፕሪል ኩላሊትን የሚጠብቅ ጥሩ መድኃኒት ነው። በእርግዝና ጊዜ ግን የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የሽርት ውሃ ያሳንሳል። ስለዚህ በሌላ ይቀየራል። ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን የመሳሰሉ አሉ። አቶርቫስታቲንም ማርገዝ ስትፈልጊ ይቆማል። ሜትፎርሚን አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ብቻውን ስለማይበቃሽ ኢንሱሊን ይጨመርበታል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የምትወስጂ ሌላ እህት ካለሽ፣ እሱ ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ አንመርጠውም። ለአንቺም ለእሷም አደራ የምለው አንድ ነው፤ ራስሽ አታቁሚ። መቀየር ሌላ፣ ማቆም ሌላ ነው። «ልጁን እንዳይጎዳ» ብላ በአንድ ቀን ሁሉንም ጥላ፣ ከጣት ደም የሚለካው ስኳሯ 350 ሆኖ የመጣች እናት አይቻለሁ። ያ 350 ከማናቸውም ክኒን የከፋ ነበር።

ከዚህ ጋር ፎሊክ አሲድ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ ክኒን ውስጥ ያለው ፎሊክ 0.4 ሚሊግራም ነው። ስኳር ላለባት ሴት የሚመከረው የ5 ሚሊግራሙ ነው፣ በቀን አንድ። ከማርገዝሽ ሦስት ወር ቀድመሽ ጀምረሽ እስከ 12ኛው ሳምንት ትወስጂዋለሽ። ርካሽ ነው።

ኢንሱሊንን በተመለከተ አንድ ታካሚ ላንሳ። ኢንሱሊኗን የምትወጋው ሽንት ቤት ቆልፋ ነበር። ሲሪንጁን በጋዜጣ ጠቅልላ በቦርሳዋ ትይዘዋለች። ምክንያቱ አማቷ «መርፌ የጀመረ ሰው አበቃለት፣ ልጁም ይመረዛል» ማለታቸው ነው። እንግዳ ቤት በመጣ ቀን ትዘለዋለች። የስኳር መመዝገቢያ ደብተሯ ላይ ቅዳሜና እሁድ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እኔ መጠን ስጨምርላት ከረምኩ። ችግሩ የመጠን እንዳልሆነ የገባኝ ደብተሩን ከቀኑ ጋር አያይዤ ያነበብኩ ዕለት ነው።

እውነቱ ይሄውልሽ። ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ኢንሱሊን አያልፍም። እናትየው የምትወጋው ኢንሱሊን እሷው ዘንድ ይቀራል። ልጁ ጋ የሚደርሰው የኢንሱሊኑ ውጤት ብቻ ነው፣ የተስተካከለ ስኳር። ከመድኃኒቶቹ ሁሉ በእርግዝና ጊዜ ተመራጭ የሆነው ለዚህ ነው። ኢንሱሊን ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ስኳር ያለባት ሴት ልጅ አቅፋ ከሆስፒታል የምትወጣው ከስንት አንዴ ነበር። ራሷም ብዙ ጊዜ አትተርፍም። የባለቤትሽ እናት የሚሉት ነገር በዚያ ዘመን እውነት ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ አይደለም።

«ስኳሩ ቢያልፍ ምን ያደርጋል?» ካልሽ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ። ምጡ ረጅም ነበር። ጭንቅላቱ ወጣና ትከሻው ተያዘ። አዋላጇ የእናትየውን ጉልበቶች ወደ ሆዷ አጥፋ፣ ከላይ ሌላ ሰው ተጭኖ፣ ደቂቃዎቹ እንደ ሰዓት ረዘሙ። በመጨረሻ ወጣ። 4.7 ኪሎ። ጉንጩ ድፍን ያለ፣ ክንዱ የታጠፈ። ቤተሰቡ በር ላይ እልልታውን አቀለጠው። «የአንበሳ ደቦል!» አሉ። እኔ ግን እጆቹን አየሁ። ይንቀጠቀጡ ነበር። ከተረከዙ ጠብታ ደም ወስደን ለካነው። 28 አለ። ውጪ እልልታ፣ ውስጥ ደግሞ ስኳሩ የወረደበት ሕፃን።

የሆነው ይህ ነው። የእናትየው ስኳር ወደ ጽንሱ ሲያልፍ የጽንሱ ቆሽት ይበረታል። ከልክ በላይ ኢንሱሊን ያመነጫል። ያ ኢንሱሊን ደግሞ ያሳድጋል፣ ያወፍራል፣ በተለይ ትከሻና ሆድ ላይ። ሲወለድ እትብቱ ይቆረጣል፣ ከእናት የሚመጣው ስኳር በአንዴ ይቆማል። የሕፃኑ ቆሽት ግን ይህን አያውቅም፤ ማመንጨቱን ይቀጥላል። ስኳሩ ዝቅ ይላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በግልጽ ያስረዳው ኮፐንሃገን የነበረው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በዘጠኝ አገሮች ወደ 25,000 የሚጠጉ እርጉዞችን የተከታተለ ጥናት ውጤቱን አወጣ። የእናት ስኳር ከፍ ባለ መጠን የልጁም ክብደት ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። «ከዚህ በታች ምንም የለም» የሚባል ቁርጥ ያለ መስመር አልተገኘም።

ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ ቁጥሮቹ ጠበቅ ይላሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች። ከበላሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች። እስከዛሬ «ጥሩ ነው» ተብለሽ የተመለስሽበት የጠዋት 125፣ ስታረግዢ ጥሩ አይደለም። ስትሪፕ፣ የስኳር መለኪያው ወረቀት፣ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። በቀን አራቴ መለካት ካልቻልሽ አዟዙሪው። ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆድና ከቁርስ በኋላ፣ ነገ ከምሳ በኋላ፣ ከነገ ወዲያ ከእራት በኋላ። በሳምንት ውስጥ ሙሉው ሥዕል ይወጣል። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ የምትለካ ሴት ከምሳ በኋላ የሚሆነውን ሳታውቅ ትወልዳለች።

ከማርገዝሽ በፊት ዓይንሽ ይታይ። በመነጽር ሱቅ ሳይሆን በዓይን ሐኪም፣ ብሌንሽ ተከፍቶ። እርግዝና የዓይን ጉዳትን ሊያባብስ ይችላል። ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድም ለጊዜው የሚባባስ አለ። ጉዳት ካለ ቀድሞ ይታከማል። ካረገዝሽ በኋላም በየሦስት ወሩ መታየት አለበት። ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን፣ ደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ እነዚህም ይታዩ። የደም ማነስ የሦስት ወሩን ቁጥር ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ አስታውሺው።

ካረገዝሽ በኋላ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ይታዘዝልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ስኳር ያለባት ሴት ለእርግዝና ደም ግፊት የተጋለጠች ናት፤ ይህ አስፕሪን ያንን ይቀንሳል። በ18ኛውና በ20ኛው ሳምንት መካከል ልቡን ጨምሮ የሚያይ አልትራሳውንድ፣ ከ28ኛው በኋላ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ እድገቱን የሚለካ ያስፈልግሻል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ37 እስከ 39 ሳምንት ባለው ውስጥ ይወሰናል። ስኳር ያለባት ሁሉ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች የሚባለው ልክ አይደለም። ቦታው ግን ሆስፒታል ይሁን፣ ለሕፃኑም ክፍል ያለው።

ስለ ምግብ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ትልቁ «ጤፍ ስኳር የለውም» የሚለው ነው። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ብረትም ቃጫም አለው። ግን እንጀራ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ጥያቄው የመጠን ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ከጥቂት ወጥ ጋር ሳይሆን፣ ግማሽ እንጀራ ከብዙ ምስር፣ ጎመን፣ ዓይብ ወይም እንቁላል ጋር። ጎመኑንና ምስሩን ቀድመሽ ጀምሪ፣ እንጀራውን አስከትዪ። ስኳሩ የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል። ሻይና ቡናውን ያለ ስኳር ልመጂ። ጁስ ቤት የሚሠራው የማንጎና የአቮካዶ ስፕሪስ ብዙ ስኳር አለበት፤ ፍሬውን ብዪ። ከበላሽ በኋላ ሩብ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ። ለእርጉዝ ሴት «ለሁለት ሰው ብዪ» የሚለውን ምክር እባክሽ እለፊው። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ሌሎች የባህል መድኃኒቶችን በእርግዝና ጊዜ እንደ ስኳር መድኃኒት አትጠቀሚ።

ጾሙ። የጾም ምግባችን ራሱ ክፉ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይስማማሻል፤ ዘይቱ ብቻ ይቀነስ። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። ኢንሱሊን ወግተሽ ካልበላሽ ስኳርሽ ይወርዳል። ሳትወጊ ከዋልሽ ይወጣል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ቶሎ ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) ትሠራለች፤ ኬቶኑ ከተጠራቀመ ለሁለታችሁም አደገኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛንና ነፍሰ ጡርን አታስገድድም። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። እስካሁን ታካሚዎቼ ጠይቀው «ግድ ጹሚ» የተባለች አላጋጠመችኝም። ረመዳን ላይ ላሉ እህቶቼም የምለው ይኸው ነው። ጾሙ በሌላ ቀን ይወጣል፣ ወይም በሌላ ነገር ይካሳል።

ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ ይቀመጥ። ቀዝቅዞ በረዶ ከሆነ አይሠራም። የተከፈተው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ፣ ውሃ በተነከረ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አስቀምጪው። ስኳር ሲወርድ፣ ማለትም ከ70 በታች ሲሆን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ ይመጣል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህ በብዛት ሊያጋጥም ይችላል። ማታ ደግሞ ባልሽ ምን ማድረግ እንዳለበት ይወቅ። የኢንሱሊኑ መጠን ከአምስተኛው ወር በኋላ በጣም እየጨመረ ይሄዳል፤ እጥፍ ቢሆን «ባሰብኝ» ብለሽ አትደንግጪ። እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ስለሚታገሉት ነው።

ሳትዘገዪ መሄድ ያለብሽ መቼ ነው? ትውከት ከሆድ ሕመም ወይም ከፈጣን ትንፋሽ ጋር ከመጣ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ በዚያው ሰዓት። «ነገ ጠዋት» አይባልም።

ስትወልጂ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። እንግዴ ልጁ ወጥቶ ሳህን ላይ ሲቀመጥ፣ ኢንሱሊኑን ሲታገል የነበረው ኃይል አብሮት ይወጣል። በዚያው ዕለት የኢንሱሊን ፍላጎትሽ በአንዴ ይወርዳል። የትናንቱን መጠን የወጋች አራስ ራሷን ልትስት ትችላለች። ስለዚህ ከመውለድሽ በፊት «ከወለድኩ በኋላ ስንት ልውጋ?» ብለሽ ጠይቂና ወረቀት ላይ አስጽፊ። ልጁን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት አስይዢው። ቅቤ ማቅመስ፣ ስኳር ውሃ ማጠጣት አያስፈልግም። ስኳሩ በተረከዙ ይለካል፣ ከዚያ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይጠባል። ማጥባት ያንቺንም ስኳር ያወርዳል፤ ከማጥባትሽ በፊት ትንሽ ነገር ቅመሺ።

ልጅሽ ስኳር ይዞት አይወለድም። ሲያድግ ግን ከሌላው ልጅ ይልቅ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተጋለጠ ይሆናል። በማህፀን ውስጥ ያገኘው ስኳር የተስተካከለ ከሆነ፣ ጡት ከጠባ፣ ክብደቱ ከተጠበቀ ያ ስጋት ይቀንሳል።

ይህን የሚያነቡ፣ ስኳር ኖሯቸው የማያውቁ እህቶችም ስላሉ በመሐል ልግባ። በእርግዝና ጊዜ ብቻ የሚመጣ ስኳር አለ። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ስለዚህ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ ይመረመራል። በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153፣ ከነዚህ በአንዱ እንኳ የደረሰች ሴት ስኳር አለባት ይባላል። ከወለደች በኋላ ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው የምናጣቸው። «ጠፋልኝ» ብላ የሄደች ሴት ወደፊት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሊይዛት የሚችልበት ዕድል ሌላዋ እናት ካላት ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ከወለደች ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባት። ልጁን ለስድስት ሳምንት ክትባት ይዛው መምጣቷ አይቀርም። ልጁ ሲወጋ እናትየውም ትመርመር። ያን ቀን የሚያስታውሳት ሰው ከሌለ፣ ይህን የምታነብ እህቷ ታስታውሳት።

ወደ አፈርሽበት ጉዳይ ልመለስ። አትፈሪ፣ ብዙዎች ያላቸው ነገር ነው። ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ውስጥ ይወጣል። ፈንገስ ደግሞ እርጥበትና ስኳር ይወዳል። እርጎ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ካለው ከማሳከኩ ጋር፣ ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም በግምት አታክሚው፤ አንዴ ይመርመር። ክሎትሪማዞል የሚባለው በብልት የሚገባው ክኒን በእርግዝናም ጊዜ ይሰጣል። ግን ስኳሩ 9 ላይ እስካለ በየወሩ ይመለሳል። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጨው አትጠቀሚ፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉ አዳዲስ የስኳር ክኒኖችም ይህን ያባብሳሉ፤ ለእርግዝናም አይሆኑም። ሽንት ስትሸኚ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ይነገር። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን ምልክት ሳይኖረው ወደ ኩላሊት ሊወጣ ስለሚችል ሽንትሽ በክትትል ይመርመር።

ስኳር ሴትን የሚነካው ልጅ ስትፈልግ ብቻ አይደለም። የወር አበባ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስኳሯ ያለ ምክንያት የሚጨምርባት አለች። በግንኙነት ጊዜ መድረቅና ሕመምም አለ፤ ይህም ሕክምና አለው። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ልብ ነው። ከማረጥ በፊት ሴት ከወንድ ይልቅ ከልብ በሽታ የተጠበቀች ናት ይባላል። ስኳር ይህን ጥበቃ ይቀንስባታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ስኳር በልብ ደም ሥር በሽታ ላይ የሚጨምረው አደጋ በሴቶች ላይ ከወንዶቹ በ44 በመቶ ይበልጣል። ምልክቱም በፊልም እንደምናየው ደረትን ጨብጦ መውደቅ ላይሆን ይችላል። ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባና የመንጋጋ ሕመም ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን «ጋዝ ነው» ብለው የሚተኙበት። አቶርቫስታቲንሽ ወልደሽ፣ አጥብተሽ ስትጨርሺ መመለስ ያለበት ለዚህ ነው። ለልጁ ብለን ያቆምነውን ለአንቺ ብለን መመለስ አንርሳ።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «ማርገዝ እፈልጋለሁ» ብለሽ ጀምሪ። ሁሉንም መድኃኒትሽን በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ደብተርሽንም፣ ቀን ተጽፎበት። ከቻልሽ የባለቤትሽን እናትም ይዘሻቸው ሂጂ። ኢንሱሊን ልጁን እንደማይመርዝ ከሐኪሙ አፍ ይስሙ። አራስ ስትሆኚ ገንፎውን የሚያገነፉልሽ፣ አጥሚቱን የሚያቀርቡልሽ እሳቸው ናቸው። ማርና ስኳር ሳይጨመርበት፣ በስኒ ተለክቶ መሆኑን ከአሁኑ አብረውሽ ይማሩት።